መኪና ዝቅ ሲል ጎማው ምን ይሆናል? ከሎስ አንጀለስ ወጣቶች ታሪክ የምንማረው

ሰንበት ከወጣ በኋላ በየሰፈራችን የመኪና ማቆሚያ የሚወራው ስለ መኪና ነው። በመካከላችን መኪናውን ዝቅ ማድረግ የሚፈልግ ብዙ ነው። ሞላው፣ እዚህ ክፊጽ የምንለው ማለት ነው፣ በአጭር ተተክቶ ጎማው ወደ ፓራፋንጎው ሲጠጋ እውነትም ያምራል። ወላጆቻችን ደግሞ «ደህናውን መኪና ምን አደረጋችሁት?» ይሉናል። እኛም እነሱም ብዙ ጊዜ የማንጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ መኪናው ዝቅ ሲል ጎማው ምን ይሆናል? ጥያቄው የቆየ ታሪክ ስላለው በዚህ ዓመት መጽሔታችን ከሥሩ ልናየው ወደድን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጎማ ማዕዘን ነገር ከመኪና በፊት፣ በፈረስ ሠረገላ ዘመን የታወቀ ነው። ሠረገላ ሲታጠፍ የውስጠኛው መንኮራኩር ጠባብ፣ የውጪኛው ደግሞ ሰፊ ክብ ይዞራል። ሁለቱ እኩል ከታጠፉ አንዱ መሬት ላይ ይጎተታል። ለዚህ መላ ያገኘው ጊዮርግ ላንከንስፐርገር የተባለ የሙኒክ ሠረገላ ሠሪ ነበር። ሩዶልፍ አከርማን በ1818 በእንግሊዝ አገር የባለመብትነት ፈቃድ አወጣበት፤ አሠራሩም እስካሁን የሚጠራው በአከርማን ስም ነው።

ዛሬ መካኒክ በዋናነት ሦስት ማዕዘን ይለካል። ካምበር የሚባለው ጎማው ከፊት ሲታይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበሉ ነው። ቶ ማለት ደግሞ ከላይ ሲታይ የጎማዎቹ አፍንጫ፣ ልክ እንደ እግራችን ጣቶች፣ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞሩ ነው። ሦስተኛው ካስተር ነው። ጎማው ሲታጠፍ የሚዞርበት ዘንግ ከጎን ሲታይ ያለውን መጋደል ያሳያል፤ መሪውን ስንለቀው ወደ ቀጥታ እንዲመለስ የሚረዳው እሱ ነው። እኛ አገር ሥራውን ሁሉ ጠቅልለን «ፍሮንት ማስተካከል» እንለዋለን፤ የሚሠራውም ፓንቸሪያ ወይም ሙሳኽ ነው።

መኪና ዝቅ ማድረግ ትልቅ ባህል የሆነው በካሊፎርኒያ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሎስ አንጀለስና በአካባቢው ሌሎች ወጣቶች መኪናቸውን ለፍጥነት ሲያዘጋጁ፣ የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን ወጣቶች ግን ዝቅ ብሎ በዝግታ መሄድን መረጡ። መጀመሪያ ዘዴው ቀላል ነበር፦ ከኋላ የአሸዋ ከረጢት መጫን፣ ሞላ መቁረጥ። ተወልደው ባደጉበት አገር እንደ እንግዳ ለሚታዩ ልጆች፣ አሮጌ መኪና ገዝቶ በገዛ እጅ አሳምሮ በመንገድ መሐል ቀስ ብሎ ማለፍ «እዚህ አለን» ማለት ነበር። ይህን ስሜት ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም።

በ1958 የካሊፎርኒያ ሕግ ነገሩን ከለከለ። የተቀየረ መኪና የትኛውም ክፍሉ ከቸርኬው የታችኛው ጫፍ በታች መውረድ የለበትም ተባለ። ወጣቶቹም መላ አላጡም። ሮን አጊሬ የተባለ ሰው በ1959 ገደማ በ1957 ኮርቬቱ ላይ ሃይድሮሊክ ገጠመ። አሁን መኪናው በአንድ ማብሪያ ዝቅ ይላል፤ ፖሊስ ሲመጣ ደግሞ ወደ ሕጋዊው ከፍታ ይነሳል። ለዚህ ሥራ ብዙዎች የተጠቀሙት ከጦርነቱ የተረፉ የአውሮፕላን ፓምፖችንና ቫልቮችን ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ሕጉ የለካው ከፍታን ብቻ ነው። መኪና ከፍና ዝቅ ባለ ቁጥር ግን የጎማው ማዕዘን አብሮ ይለወጣል። ስለዚህ ፍሮንቱ የሚስተካከለው ለአንድ ከፍታ፣ መኪናው ለሚነዳበት ከፍታ ነው። ከፍታውን ፖሊስ ሊለካው ይችላል፤ ማዕዘኑ ግን ባለቤቱ ካላስለካው ተደብቆ ይኖራል።

ለምን ይለወጣል? ጎማውን ከመኪናው ጋር የሚያያይዙት ክንዶች በጫፋቸው ስለሚዞሩ፣ ጎማው ሲወጣና ሲወርድ ቅስት ይሠራል። ሞላው ሲያጥር ክንዶቹ ሌላ ቦታ ያርፋሉ፤ በብዙ መኪኖች የጎማው አናት ወደ ውስጥ ያዘነብላል። ከመሪው የሚመጣው ዘንግም የራሱን ቅስት ስለሚሠራ ጎማውን ይገፋዋል ወይም ይስበዋል፤ ቶው ተዛባ ማለት ነው። ሰው የሚያየው ካምበሩን ነው፣ ምክንያቱም በዓይን ይታያል። ጎማን ይበልጥ ቶሎ የሚበላው ግን ቶ ነው። ሒሳቡን እንሥራው፦ አንድ ጎማ ከሚሄድበት አቅጣጫ 1 ዲግሪ ቢያፈነግጥ፣ በ1 ኪሎ ሜትር ጉዞ ወደ 17 ሜትር ያህል ወደ ጎን ይጎተታል። በ100 ኪሎ ሜትር ከ1 ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ሆነ ማለት ነው፤ ያውም ከቴል አቪቭ ቤር ሸባ እንኳ ሳንደርስ። የጎማው የውስጥ ጠርዝ እስከ ሽቦው አልቆ ውጪው አዲስ ሊመስል ይችላል። «በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የሚባለው እንዲህ ላለው ነው፤ በዝናብ ቀን ፍሬን ስንይዝ ገደሉ ይመጣል።

ታዲያ ምን ይደረግ? አንደኛ፣ በእኛ አገር የመኪናን አሠራር መለወጥ ፈቃድ ይጠይቃል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ፈቃድ ካለው ሙሳኽ እንጠይቅ፣ አለዚያ ቴስት ላይ መውደቅ፣ አደጋ ቢደርስ ደግሞ ከኢንሹራንስ ጋር መከራከር ይመጣል። ሁለተኛ፣ ሞላ አይቆረጥ። የተቆረጠ ሞላ ጎማው ሲንጠለጠል ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል። ሦስተኛ፣ ያረጁ መገጣጠሚያዎች መጀመሪያ ይቀየሩ፣ ምክንያቱም በላላ ነገር ላይ የተስተካከለ ማዕዘን አይቆይም። አራተኛ፣ ሥራው እንዳለቀ የአራቱም ጎማ ማዕዘን በትክክለኛ ነፋስ ይስተካከል፤ ሞላው ቦታውን ከያዘ ከጥቂት ቀናት በኋላም ይደገም። በብዙ መኪኖች ከፊት በቀላሉ የሚስተካከለው ቶ ብቻ ነው፣ ካምበሩ ልዩ ብሎን ይፈልጋል። ካምበሩ አምራቹ ወዳወጣው ልክ አልመለስ ካለ መኪናው ከሚገባው በላይ ዝቅ ብሏል። መብራቱም ይታይ፤ ከፍታው ሲለወጥ አቅጣጫው ይለወጣል።

የሎስ አንጀለሶቹ ታሪክ በክልከላ አላበቃም። «ጂፕሲ ሮዝ» የተባለችው የ1964 ሼቭሮሌት ኢምፓላ በ2017 በዋሽንግተን ናሽናል ሞል አደባባይ ለሕዝብ ታየች። ካሊፎርኒያም ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ የከፍታውን ክልከላ አነሳች። ይህ ክብር የመጣው ለብዙ ዓመታት ሥራውን በጥንቃቄ ከሠሩና ለመብታቸው በማኅበር ከቆሙ ሰዎች ነው።

ወላጆቻችን፣ ልጃችሁ ስለ መኪና ሲያወራ ፓንቸሪያው አስተካክሎ የሚሰጠውን ወረቀት አምጣ በሉት። በእሱ ላይ በፊት የነበረውና በኋላ የሆነው ቁጥር፣ አምራቹም የሚፈቅደው ልክ ጎን ለጎን ተጽፏል። እኛም ያን ወረቀት ይዘን አብረን ብናነበው፣ «ያምራል» እና «ገንዘብ ማቃጠል ነው» ከመባባል የተሻለ ጨዋታ ይሆናል።