«ዝም ብላችሁ ያዙት» ያልኩበት ቀን

ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ዘጠነኛ ክፍል ፔሪዮዲክ ቴብል እያስተማርኩ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ አርጎን 39.95 ነው፤ ፖታሲየም 39.10። ከባዱ ለምን ቀደመ?»

«የሚደረደሩት በአቶሚክ ነምበር ነው፤ ዝም ብላችሁ ያዙት» ብዬ አለፍኩ። የተናገርኩት ስህተት አልነበረም። ግን ጥያቄዋን አልመለስኩላትም።

ይቺ ጥያቄ ታላላቆቹንም አስጨንቃለች። ሩሲያዊው ሜንዴሌቭ በ1869 እ.ኤ.አ. ንጥረ ነገሮችን በክብደታቸው ሲደረድር ቴሉሪየምና አዮዲን አስቸገሩት። ቴሉሪየም 128፣ አዮዲን 127። በክብደት ብቻ ቢሄድ አዮዲን ከነሰልፈር ጋር ሊመደብ ነው፤ ጠባዩ ግን ቁርጥ የክሎሪንና የብሮሚን ወንድም። ሰውየው ጠባዩን አምኖ ቴሉሪየምን አስቀደመ። ወረፋው ልክ ነበር፤ ምክንያቱን ግን ሳተ። «የቴሉሪየም ክብደት በስህተት ተለክቷል» አለ። ብራውነር የሚባል የፕራግ ኬሚስት ዓመታት ፈጅቶ ለካው። ቁጥሩ ግን በጄ አልል አለ! በ1894 ደግሞ አርጎን ተገኘና ነገሩ ባሰ።

ሜንዴሌቭ መልሱን ሳያይ በ1907 ሞተ። በ1913 ሄንሪ ሞዝሊ የሚባል ወጣት እንግሊዛዊ ንጥረ ነገሮች የሚያወጡትን ኤክስሬይ እየለካ፣ ወረፋውን የሚወስነው ክብደት ሳይሆን በኒውክለሱ ውስጥ ያለው ቻርጅ መሆኑን አሳየ። ኮባልት 27፣ ኒኬል 28፤ ኮባልት ቢከብድም ቀዳሚ ነው። ሞዝሊ ከሁለት ዓመት በኋላ ጋሊፖሊ ጦርነት ላይ ተገደለ። ዕድሜው 27 ነበር።

ታዲያ አርጎን ለምን ከበደ? ክብደት የፕሮቶንና የኒውትሮን ድምር ነው። አርጎን በፕሮቶን ከፖታሲየም በአንድ ያንሳል፤ ግን ከምንተነፍሰው አየር ውስጥ ካለው አርጎን ከ99 በመቶ በላይ የሚሆነው 22 ኒውትሮን የተሸከመው አርጎን-40 ነው። ከየት መጣ ብትሉ፣ ድንጋይ ውስጥ ያለው ፖታሲየም-40 በብዙ ሚሊዮን ዓመታት ሲፈራርስ ከፊሉ ወደ አርጎን እየተቀየረ ነው። እንግዲህ አርጎንን ያከበደው ራሱ ፖታሲየም ነው!

ይሄን ያወቅኩት ልጅቷ ተፈትና ከሄደች በኋላ ነው። ይሄን ፖስት ካየሽው፣ መልሱ ዘግይቷል፤ ይቅርታ። አሁን ተማሪ ሲጠይቀኝ ካላወቅኩ «ነገ አይቼ እነግራችኋለሁ» እላለሁ። በማግስቱም እነግራቸዋለሁ።