ስክራፕቡክ፦ የመታሰቢያ ጥራዝ

ከሃምሳና ከስልሳ ዓመት በፊት ፎቶ ቤት ገብቶ የተነሣ ሰው ካርዱን ገልብጦ ጀርባው ላይ ይጽፍ ነበር። «ለውድ እህቴ፣ ለመታሰቢያ እንዲሆንሽ» ይልና ስሙን፣ ቀኑን፣ አንዳንዴም የተነሣበትን ከተማ ያኖራል። እንዲህ የተጻፈበት ፎቶ ዛሬ እጃችን ሲገባ የማን እንደሆነ፣ ለማን እንደተላከና ላኪው በዚያን ጊዜ የት እንደነበረ እናውቃለን። ጀርባው ባዶ የሆነውን የሚያስረዱን አያት ብቻ ናቸው። «ይሄ እኮ የእትዬ ታላቅ ወንድም ነው፣ ለወታደርነት ሊሄድ ሲል የተነሣው ነው» ይሉናል። እሳቸው ሲያልፉ ፎቶው የማይታወቅ ሰው ምስል ሆኖ ይቀራል።

ይህን ጉዳት የሚከላከል አንድ የመጽሐፍ ዓይነት አለ። ፎቶግራፍን፣ ደብዳቤን፣ የጥሪ ካርድን፣ የጋዜጣ ቁራጭን፣ የጨርቅ ብጣሽን፣ የደረቀ ቅጠልን ሳይቀር በአንድ ጥራዝ ገጾች ላይ አሰናድተው፣ የእያንዳንዱን ታሪክ ከአጠገቡ የሚጽፉበት ነው። እንግሊዝኛው ስክራፕቡክ ይለዋል፤ ሥራው ደግሞ ስክራፕቡኪንግ ይባላል። አብዛኛው ሰው የሚያዘጋጀው ለሚወደው ሰው ነው፤ ለሞተ አባት፣ ለምታረጅ እናት፣ ለሚዳር ልጅ።

በአማርኛ ምን እንበለው? «ስክራፕ» ቁራጭ፣ ትርፍራፊ ማለት ስለሆነ ቃል በቃል ከሄድን «የቁርጥራጭ መጽሐፍ» ላይ እንደርሳለን። የእናትን ደብዳቤ የሚይዝ ነገር ትርፍራፊ ሊባል አይገባውም። «አልበም» የለመድነው ቃል ነው፤ ነገር ግን አልበም ሲባል ለሁላችንም የሚታየን ፎቶ ብቻ የተደረደረበት፣ ጽሑፍ የሌለው ነው። «የትዝታ ደብተር» ደስ ይላል፤ ሆኖም ትዝታ የራስ ናፍቆት ነው፣ ሰውየው ስለ ራሱ ስሜት የሚጽፈው ይመስላል። እኔ የምመርጠው «የመታሰቢያ ጥራዝ» የሚለውን ነው። መታሰቢያ ሁልጊዜ ባለቤት አለው፤ «ለእገሌ መታሰቢያ» ይባላል። ደግሞም በፎቶ ጀርባ ላይ ሲጻፍ የኖረው ይኸው ቃል ነው። ጥራዝ የሚለው ተሰፍቶና ተደጉሶ አንድ ላይ የቆመውን ወረቀት ሁሉ ይይዛል። ሥራውን «መታሰቢያ መጠረዝ» ብንለው አያስቸግርም።

በሌላው ዓለም ልማዱ ረጅም ዕድሜ አለው። በአውሮፓ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ተማሪዎች ጓደኞቻቸውና መምህሮቻቸው ቃል የሚጽፉላቸውን፣ አንዳንዴም ሥዕል የሚያኖሩላቸውን የወዳጅነት ደብተር ይዘው ይዞሩ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጋዜጣና የታተመ ሥዕል ሲበዛ ቆርጦ መለጠፍ ከቤት ቤት ተዛመተ፤ አሜሪካዊው ደራሲ ማርክ ትዌይን በ1873 እ.ኤ.አ. ገጾቹ አስቀድመው ሙጫ የተቀቡ፣ ውኃ ብቻ የሚሹ ጥራዝ ፈልስፎ የባለቤትነት መብት አውጥቶበታል። ዛሬ በመደብር ልዩ ወረቀትና ጌጥ የሚሸጥለት ዘመናዊው ሙያ የተስፋፋው ደግሞ ከ1980 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። በዚያ ዓመት በዩታ ግዛት በሶልት ሌክ ሲቲ በተደረገ ዓለም አቀፍ የመዛግብት ጉባኤ ላይ ክሪስቴንሰን የተባለ ቤተሰብ ያዘጋጃቸውን 50 ያህል የቤተሰብ ጥራዞች ለሕዝብ አሳይቶ ነበር።

እኛ ዘንድ ስሙ አዲስ ይሁን እንጂ ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። በብራና መጻሕፍት መጀመሪያና መጨረሻ ባዶ ቅጠል ይተዋል፤ በዚያ ቅጠልና በኅዳጉ ላይ ከመጽሐፉ ጋር የማይገናኝ ብዙ ነገር ተጽፎ ይገኛል። የርስት ስጦታ፣ የቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳት ዝርዝር፣ የውል ቃል፣ መጽሐፉን ማን እንዳስጻፈውና ለማን ነፍስ መታሰቢያ እንደሰጠው። በሐይቅ እስጢፋኖስ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ለአባ ኢየሱስ ሞዐ የተጻፈው ወንጌል በዚህ የታወቀ ነው። በየቤቱ ባለው ዳዊት ላይም አባት የልጆቹን የልደትና የክርስትና ቀን፣ የወላጆቹን ዕረፍት ይመዘግብበት ነበር። የቤተሰቡ ማኅደር ያ ዳዊት ነበር ማለት ይቻላል። በ1973 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን ብራናዎች በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ሲጀመር ከሰሜን ሸዋ ብዙ መጻሕፍት ተነሥተዋል፤ በአሜሪካ ሚኒሶታ ተቀምጠው መጻሕፍቱን በየተራ ከመረመሩትና ዝርዝራቸውን ካሳተሙት ምሁራን አንዱ ሸንኮራ የተወለዱት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በእንዲህ ያለ ዝርዝር ውስጥ ዋናው ድርሰት ብቻ ሳይሆን በባዶው ቅጠል ላይ የሰፈረው የቤተሰብና የደብር ማስታወሻም ይገባል።

ለቅሶአችንም እንዲሁ ዕቃ ያሰልፋል። ጥንት የጀግና ሞት ሲሆን ፈረሱ ተጭኖ፣ ጋሻውና ጦሩ፣ ጠመንጃውና የክት ልብሱ ለቅሶው መካከል ይወጣ ነበር፤ አልቃሿ እያንዳንዱን እያየች የሟቹን ሥራ ትናገራለች። አሁን በፈረሱ ቦታ ፎቶው ተተክቷል፤ በክፈፍ ሆኖ ይያዛል፣ በደረት ላይ ይለጠፋል። በቀብሩ ዕለት ደግሞ ልጆቹ ያዘጋጁት የሕይወት ታሪክ ይነበባል። ስለዚህ ወረቀት በጣም አዝናለሁ። አንድ ሌሊት ሙሉ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የትውልድ ቀኑን ተከራክሮ፣ የሠራበትን ቦታ አስታውሶ የጻፈው ነው፤ ከተነበበ በኋላ ግን ባነበበው ሰው ኮት ኪስ ውስጥ ይቀራል። ለመታሰቢያ ጥራዝ የመጀመሪያ ገጽ ከዚህ የተሻለ ምን አለ?

የጥራዝ ነገር በአንድ አገር ምን እንደሚመስል ለማየት አሁን ወደ አንኮበር እንምጣ። ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ደጋው ወደ አፋር ቆላ በሚወርድበት ገደል አፋፍ ላይ ያለችው ይህች ቦታ የሸዋ ነገሥታት መናገሻ ነበረች። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ከ1841 እስከ 1843 እ.ኤ.አ.፣ በሻምበል ሃሪስ የሚመራ የእንግሊዝ መልእክተኞች ጓድ ሸዋ ተቀምጦ ነበር። ከጓዱ አንዱ ጀርመናዊው ሠዓሊ ዮሐን ማርቲን ቤርናትስ ነው። ያየውን አገር፣ ቤተ መንግሥት፣ ሰልፍና ሰው ሲሥል ቆይቶ በ1852 እ.ኤ.አ. በሥዕል ጥራዝ አሳተመው። ሃሪስም ስለ ጉዞው በ1844 እ.ኤ.አ. ሰፊ መጽሐፍ አውጥቷል። በኋላም ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ በነበሩበት ዘመን ከአንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ ላይ የጣሊያን የምርምር ጣቢያ ተተክሎ ነበር፤ መሪው ማርኪስ አንቲኖሪ በ1882 እ.ኤ.አ. እዚያው አርፏል። እነዚህ እንግዶች ሥዕል፣ ካርታ፣ የወፍና የዕፅ ናሙና፣ ደብዳቤ ሰበሰቡ። ስለዚህ የአንኮበር የ19ኛው ክፍለ ዘመን መልክ በአውሮፓ ቤተ መዛግብት በብዛት ተቀምጧል።

ለዚህ ሥራ ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን የእንግዳ ጥራዝ የሚያየው ንጉሡን፣ መኳንንቱን፣ ገበያውንና ሰልፉን ነው። በሥዕሉ ጥግ እንስራ ያዘለችው ሴት ስም የላትም፤ የማን ልጅ እንደሆነች፣ ከየትኛው ጎጥ እንደመጣች የሚነግረን የለም። ስሟን ሊጽፍላት ይችል የነበረው የራሷ ቤተሰብ ብቻ ነበር። የመታሰቢያ ጥራዝ በእኔ ዘንድ የሚከበረው በዚህ ነው፦ በታሪክ መጽሐፍ ውስጥ የማይገባን ሰው በሙሉ ስሙ ያሰፍራል።

እንበልና አንኮበር አጠገብ ጎረቤላ የሚኖር አንድ ቤተሰብ ለአያት ጥራዝ ሊያዘጋጅ ተነሣ። ፎቶ ላይገኝ ይችላል፤ ብዙ የገጠር እናቶች በዕድሜያቸው የተነሡት ለመታወቂያ ብቻ ነው። ያ ትንሽ ጉርድ ፎቶ በቂ ነው፤ በስልክ አንሥቶ አስፍቶ ማሳተም ይቻላል። ከዚያ ሌላው ይከተላል። ከሚወዱት ቀሚስ ጥለት አንድ ጣት ያህል፣ ከፈተሉት የበግ ፀጉር የተሠራ የባና ቁራጭ፣ ልጃቸው ከውትድርና የላከው ደብዳቤ፣ የእድር መዋጮ ካርድ፣ የልጅ ልጅ የትምህርት ቤት ሰርተፊኬት «እማማ ያስተማሩኝ» ተብሎ። የድርቆሽ አሠራራቸው በራሳቸው ቃል ተጽፎ። ወደ አልዩ አምባ ገበያ በእግር የሚወርዱበት መንገድ በእርሳስ ተሥሎ፣ የሚያርፉበት ዛፍ ምልክት ተደርጎበት። በየአጠገቡ ሁለት ሦስት መስመር፦ ይህ ምንድን ነው፣ ከማን መጣ፣ መቼ ነበር። የሟች ፎቶ መስቀል የማይወድ ቤተሰብም አለ፤ በአልዩ አምባ ወገን ካሉት ሙስሊም ቤተሰቦች እንዲህ የሚሉ ይኖራሉ። ለእነሱ ጨርቁ፣ ጽሑፉና የመንገዱ ሥዕል ብቻውን ሙሉ ጥራዝ ይሆናል።

ትልቁ ሥራ መጠየቅ ነው። ባለታሪኳ በሕይወት ሳሉ ቢደረግ ይመረጣል፤ «እማማ፣ ይህን ሰው ያውቁታል?» ብሎ ፎቶውን በእጃቸው ማስያዝ አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ያስወራል። የሚሉትን በስልክ መቅዳትና የአነጋገራቸውን ለዛ ሳያርሙ መገልበጥ ይገባል። ስም በአባትና በአያት ይጻፍ፤ «አጎቴ» ብቻ ከተባለ ከሃያ ዓመት በኋላ የማን አጎት እንደሆነ አይታወቅም። ቦታም እስከ ጎጡ ድረስ ይጠራ። የዓመት ምሕረቱ የማይታወቅ ከሆነ «ጣሊያን የወጣ ጊዜ»፣ «የእገሌ ሰርግ ዓመት» እንደተባለው ማስቀመጥ ነው፤ በግምት ቁጥር ከመጻፍ ይሻላል። ሰውየው ካረፈ ደግሞ ከአርባው እስከ ሙት ዓመት ያለው ጊዜ የተመቸ ነው። ዘመድ ከየአገሩ የሚመጣበት ቀን አስቀድሞ የታወቀ ስለሆነ ያልታወቁትን ፎቶዎች በትሪ ዘርግቶ ለሽማግሌ ማሳየት ይቻላል።

ስለ አያያዙ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር፤ አንኮበር ላይ ጉም የማይገፈፍበት ወራት አለና። እርጥበት ፎቶን ያሻግታል፣ ከክፈፉ መስተዋት ጋር ያጣብቀዋል። የተጣበቀውን ለማላቀቅ አይታገሉ፤ ምስሉ ተልጦ ይቀራል። በመስተዋቱ ላይ እንዳለ በስልክ ማንሣት ይበቃል። ጥራዙ ምድጃ ካለበት ቤት ይራቅ፤ ጢሱና ጥቀርሻው ወረቀት ይበላል። ግድግዳ ተደግፎ አይቀመጥ፤ በሳጥን ውስጥ፣ በንጹሕ ነጠላ ተጠቅልሎ፣ በበጋ አንዳንዴ ነፋስ እየተሰጠው ይኑር። ፕላስተር በፍጹም አይለጠፍ፤ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ቢጫ ይሆንና ቀለሙን ወደ ፎቶው ያስገባል። ከገበያ የሚገዛው የሚያጣብቅ ገጽ ያለው አልበምም እንዲሁ ነው። ፎቶውን በአራቱ ማዕዘን በወረቀት ኪስ ማስያዝ ይሻላል፤ ኪሱን ከነጭ ወረቀት አጥፎ መሥራት ልጅ ይችለዋል። በጀርባው የሚጻፈው በለስላሳ እርሳስ ይሁን፤ እስክሪብቶ ወደ ፊት ያልፋል። የጋዜጣ ቁራጭ ቅጂው ይግባ እንጂ ራሱ አይግባ፤ ጋዜጣ ከእንጨት ስለሚሠራ በውስጡ ያለው አሲድ አጠገቡ ያለውን ሁሉ ያቃጥላል። አባቶቻችን ከፍየልና ከበግ ቆዳ የሠሩት ብራና ለዘመናት የቆየው ይህ ጠንቅ ስለሌለበት ነው።

የግል ጥራዝ ወደ አደባባይ የሚወጣበት ጊዜም አለ። አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ በ2010 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ግድግዳው ላይ የተደረደሩት ፊቶች ከየቤተሰቡ የመጡ ፎቶዎች ናቸው፤ የትምህርት ቤት ጉርድ ፎቶ፣ ከጓደኛ ጋር ፎቶ ቤት የተነሡት። «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለው ሥራ ደግሞ ከየቤቱ አልበም ሰርግን፣ ሽርሽርንና የሠራተኛ ፎቶን ሰብስቦ ባለቤቶቹ ከሚናገሩት ታሪክ ጋር በመጽሐፍ አውጥቷል። ሁለቱም ሊሠሩ የቻሉት አንድ ሰው ፎቶውን ስላስቀመጠና ስሙን የሚያውቅ ስለነበረ ነው። ለደብረ ብርሃንና ለአንኮበር እንዲህ ያለ ስብስብ ቢጀመር፣ ከየትምህርት ቤቱ ተማሪዎች አያቶቻቸውን ጠይቀው አንድ አንድ ገጽ ቢያመጡ፣ ከእንግዶቹ ሥዕል ጎን የሚቆም የአገሬው ጥራዝ ይኖረን ነበር።

ቤተሰቡ ተበታትኖ ከሆነ ጥራዙ ሲያልቅ ገጽ በገጽ በስልክ ተነሥቶ ለሁሉም ይላክ፤ ዋሽንግተን ያለው ልጅ አሳትሞ የራሱን ይጠርዛል። ዋናው ግን ባለታሪኩ በኖረበት ቤት ይቀመጥ። ማን እንደሚይዘውም በሽፋኑ ውስጥ በኩል ይጻፍ፤ የጠባቂው ስም፣ ከእሱ በኋላ የሚረከበው ሰው ስም፣ ቀኑና የዘመዶቹ ፊርማ።