ከአልዩ አምባ እስከ መርካ፦ ሐኪምን ማመን ወይስ መጠርጠር?

 

ልጅ ሲያተኩሰው፣ እናትን ራስ ምታት ሲይዛት በየቤታችን ጭንቀት ይገባል። «ሐኪም ቤት ብንሄድ ክፉ ነገር ይነግሩን ይሆን? መርፌው ባይስማማውስ?» እያልን እናድራለን። ይህ ፍርሃት ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። ታሪኩን ከአንኮበር እንጀምረው፤ ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1841 ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሸዋን ሲገዙ በካፒቴን ሃሪስ የሚመራ የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን አንኮበር ደረሰ። ከቡድኑ ጋር ዶክተር ኪርክ የሚባል ሐኪም ነበር። በቀጣዩ ዓመት ቻርልስ ጆንስተን የተባለ ሌላ እንግሊዛዊ ሐኪም የአፋርን በረሃ አቋርጦ መጣ። ከአንኮበር ቁልቁል በምትገኘው፣ ሙስሊም ነጋዴዎች በሚበዙባት የገበያ ከተማ በአልዩ አምባም ተቀመጠ። እዚያ እያለ ትኩሳት ተመላለሰበት። ሐኪም መሆኑ ከመታመም አላዳነውም። ሐኪም እውቀት ያለው ሰው እንጂ ጤና ሰጪ አይደለም፤ ሺፋእ ከአላህ ነው።

አገሬውም ባዶ እጁን አልነበረም። የኮሶ ትልን በኮሶ ያሽር ነበር። ይህ መድኃኒት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ አውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ገብቷል። ሆኖም መጠኑ ሲያልፍ ዓይንን እስከ መጉዳት ይደርሳል። መድኃኒቱን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ መጠኑን ማወቅ ደግሞ ሌላ።

ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ፈንጣጣ ነበር። የአገራችን ሰዎች ከበሽተኛው ቁስል ፈሳሽ ወስደው የጤነኛውን ክንድ እየጫሩ ይከትቡ ነበር። ብዙዎች በቀላሉ ታመው ይድናሉ፤ ግን የሚሞትም ነበር፤ የተከተበውም በሽታውን ለጎረቤት ያስተላልፍ ነበር። በ1971 መንግሥትና የዓለም ጤና ድርጅት ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ ሲጀምሩ በዚያው ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ። አዲሱ ክትባት የተሠራው ፈንጣጣን ከማያመጣ ሌላ ተሕዋስ ነው። ላይ ላዩን ሲያዩት ግን ሁለቱም ክንድን መውጋት ናቸው። የጥንቱን ያየ ሰው አዲሱን ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ልዩነቱን የሚያስረዳው ባለሙያው ነበር። በ1976 የኢትዮጵያ የመጨረሻው ሕመምተኛ ተገኘ፤ በሽታውም ከአገራችን ጠፋ።

በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት ወር በሶማሊያ መርካ ከተማ ዓሊ ማው ማሊን የተባለ የሆስፒታል ወጥ ቤት ሠራተኛ በፈንጣጣ ተያዘ። ሆስፒታል እየሠራ ክትባቱ ያማል ብሎ ፈርቶ አልተከተበም ነበር። አላህ አዳነው። በዓለም ላይ በተፈጥሮ መንገድ ፈንጣጣ የያዘው የመጨረሻው ሰውም ሆነ። ኋላ በፖሊዮ ዘመቻ ገብቶ፣ ለሚጠራጠሩ ወላጆች የራሱን ታሪክ እየነገረ ሲያስተምር ኖረ። በ2013 ያረፈውም በዚሁ ሥራ ላይ እያለ ነው።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መታከምን አዘዋል። ሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) ልባቸውን በታመሙ ጊዜ በሙያው ወደታወቀው ወደ ሐሪስ ኢብኑ ከለዳ እንዲሄዱ እንዳመለከቷቸው በሐዲስ ተዘግቧል። ሕክምና ሳያውቅ የሚያክም ሰው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ እንደሆነም አስተምረዋል። ስለዚህ እምነታችን የሚገባው ለሚያውቅ ሰው ነው፤ ነጭ ጋውን ለለበሰ ሁሉ ወይም መድኃኒት አለኝ ላለ ሁሉ አይደለም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሐኪሙን እንጠይቅ፦ በሽታው ምንድን ነው? መድኃኒቱ ምን ይሠራል? ምን ምልክት ካየሁ ቶሎ ልመለስ? ቤት ውስጥ የወሰድነውን ሥራ ሥር አንደብቀው። ካልገባን ሌላ ሐኪም ማማከር ነውር የለውም። የጀመርነውን መድኃኒት ግን ጎረቤት ስላወራ ብቻ አናቋርጥ። ተመርምረን «ደህና ነህ» ከተባልን በኋላም ፍርሃቱ አልለቅ ካለ፣ ጭንቀቱ ራሱ ሕክምና ያለው ነገር ነውና ያንኑ ለሐኪሙ እንንገረው። ዱዓችንም ከሕክምናው ጋር አይጣላም፤ አብረው ይሄዳሉ።

አላህ የታመሙትን ያሽርልን፣ ጤነኞቹን ይጠብቅልን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።