በሐበሻ ምድር የታሰረው ኒካህና የዛሬው ሰርጋችን

ቢስሚላሂር-ረሕማኒር-ረሒም



በንፋስ ስልክ ላፍቶ የሚኖር ሰው የሰርግ ወራት መድረሱን ለማወቅ የቀን መቁጠሪያ ማየት አያስፈልገውም። ቅዳሜና እሁድ ሲመጣ ከጀሞ እስከ ለቡ፣ ከመካኒሳ እስከ ጎፋ መንገዱ በአበባ ባጌጡ መኪኖችና በጡሩምባ ድምፅ ይሞላል። የሙስሊሙም ሰርግ ከዚሁ መሀል ነው። ደስታው የሁላችንም ነው፤ አላህ ይባርክላቸው እንላለን። ነገር ግን ለምስክርነትና ለዱዓ በምጠራባቸው የኒካህ መጅሊሶች ላይ ደጋግሞ የሚገጥመኝ አንድ ነገር አለ። ዛሬ ስለዚያ ልናወያያችሁ ወድጃለሁ።

በአንድ የኮንዶሚኒየም ቤት ውስጥ ተሰብስበን ነበር። ኒካሁን የሚያስሩት ሼኽ ኹጥባቸውን ጨርሰው ወደ ሙሽራው ዞሩና «መህሩ ስንት ነው?» ብለው ጠየቁ። ሙሽራው ሚዜውን አየ። ሚዜው የሙሽራውን አጎት አየ። አጎትየው ደግሞ የልጅቱን አባት አዩ። አዳራሹ ከስድስት ወር በፊት ቀብድ ተከፍሎበታል፤ ቬሎው ተከራይቷል፤ መኪኖቹ ተቆጥረዋል፤ ፎቶና ቪዲዮ የሚያነሳው ሰው ከበሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። መህሩን ግን ያሰበው ሰው አልነበረም። በመጨረሻ አንድ ቁጥር ተጠራ፤ «በኋላ የሚከፈል» ተብሎ ተጻፈ። ዱዓ ተደረገ፣ አሚን ተባለ፣ ወደ ምሳው ታለፈ። ገንዘቡ የእርሷ የሆነው ልጅ በጓዳ ከሴቶች ጋር ተቀምጣ ነበር፤ ምን ተባለ ብሎ የነገራት መኖሩን እንጃ።

ውድ አንባቢያን፣ ለሰርጋችን ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በኢስላም ታሪክ ከተመዘገቡት ታላላቅ ኒካሆች አንዱ የታሰረው እዚሁ በአገራችን ምድር ነውና፣ እስቲ ወደዚያ ዘመን እንመለስ።

የስደተኛዋ ኒካህ

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በተላኩ በ5ኛው ዓመት፣ በ615 እ.ኤ.አ.፣ የቁረይሽ በደል የከፋባቸው ሙስሊሞች ወደ ሐበሻ መሰደድ እንደ ጀመሩ ሁላችንም እናውቃለን። ከስደተኞቹ መካከል ረምላ ቢንት አቢ ሱፍያን (ረ.ዐ.) ነበሩ። አባታቸው አቡ ሱፍያን በዚያን ጊዜ የቁረይሽ አለቃና የእስልምና ተቃዋሚ ነበር። ረምላ ግን ከባለቤታቸው ከዑበይዱላህ ኢብኑ ጀሕሽ ጋር ሆነው ባሕር ተሻገሩ። ሐቢባ የምትባል ልጅ ስለ ነበረቻቸው ኡሙ ሐቢባ ተባሉ።

በስደቱ አገር ፈተናው በረታባቸው። ባለቤታቸው በዚሁ ምድር ሞተ፤ ብዙዎቹ የሲራ ጸሐፍት ከመሞቱ በፊት ሃይማኖቱን እንደ ለወጠ ያወሳሉ። ኡሙ ሐቢባ አባታቸው ጠላት፣ ባላቸው የሌለ፣ ልጅ የያዙ ባልቴት ሆነው በሰው አገር ቀሩ። እንዲህ ያለችን ሴት «ማን ያስታውሳታል?» ይባል ይሆናል። ያስታወሷቸው ግን የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) ነበሩ። በ6ኛው ዓመተ ሂጅራ መጨረሻ ወይም በ7ኛው መጀመሪያ ዐምር ኢብኑ ኡመያ አድ-ደምሪን ወደ ነጃሺ ልከው፣ ኡሙ ሐቢባን እንዲያጩላቸውና በርሳቸው ስም ኒካሁን እንዲያስሩላቸው ጠየቁ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ኢብኑ ሰዕድ በሰፊው ዘግበውታል። ንጉሡ መልእክቱን በአደባባይ አላስነገሩም። አብረሃ የምትባል፣ ልብሳቸውንና ሽቷቸውን የምትጠብቅ አገልጋያቸውን ወደ ኡሙ ሐቢባ ቤት ላኩ። አብረሃ የረሱልን (ሰ.ዐ.ወ.) ጥያቄ ነገረቻቸው፤ የሚያጋባቸውንም ወኪል እንዲመርጡ ጠየቀቻቸው። ኡሙ ሐቢባ ከደስታቸው ብዛት በእጅና በእግራቸው የነበረውን የብር ጌጥ አውልቀው ለብሥራቱ ሸለሟት። ከዚያም ኻሊድ ኢብኑ ሰዒድ ኢብኑል-ዓስን (ረ.ዐ.) ወከሉ። ኻሊድ የዚያው የበኑ ኡመያ ቤተሰብ፣ ከስደተኞቹም አንዱ ነበሩ። አባትየው ሙስሊም ባለመሆኑ ጉዳዩ ለሙስሊሙ የሥጋ ዘመድ ተሰጠ ማለት ነው።

ሲመሽ ንጉሡ ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጣሊብንና (ረ.ዐ.) በዚያ የነበሩትን ሙስሊሞች ጠሩ። አላህን አመስግነው ንግግር አደረጉ፤ የረሱልንም (ሰ.ዐ.ወ.) ጥያቄ መቀበላቸውን አስታወቁ። መህሩን 400 ዲናር ብለው ወሰኑና ወርቁን በተሰበሰበው ሰው ፊት አፈሰሱት። ኻሊድም በተራቸው ተናግረው ኒካሁን አጸኑ፤ ገንዘቡንም ተረከቡ። ሰዎቹ ሊነሱ ሲሉ ንጉሡ አስቀመጧቸው፤ በጋብቻ ላይ ምግብ ማብላት የነቢያት ልማድ መሆኑን ነግረው ምግብ አስቀረቡ። በልተው ተበተኑ።

ታሪኩ ግን እዚህ ላይ አያበቃም። ገንዘቡ ኡሙ ሐቢባ እጅ በገባ ጊዜ አብረሃን አስጠርተው፣ ያን ዕለት የሰጠሁሽ በእጄ ከነበረው ነው በማለት 50 ሚስቃል ወርቅ ጨመሩላት። አብረሃ አልተቀበለችም፤ የቀድሞውንም ጌጥ መለሰች። ንጉሡ ከርሳቸው ምንም እንዳትወስድ አዘዋት ነበርና። በማግስቱ ከንጉሡ ሚስቶች የተላከ ዑድ፣ ወርስ፣ ዐንበርና ዝባድ ይዛላቸው መጣች። ዝባድ ከአገራችን ለዘመናት ወደ ውጭ ሲላክ የኖረ ሽቶ መሆኑን ልብ በሉ። አብረሃ በለውጡ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰላምታዋን ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) እንዲያደርሱላት። በመጨረሻም ነጃሺ ኡሙ ሐቢባን ከሹረሕቢል ኢብኑ ሐሰና (ረ.ዐ.) ጋር ወደ መዲና ሸኟቸው። የምእመናን እናት በ44ኛው ዓመተ ሂጅራ መዲና ውስጥ አረፉ።

ከታሪኩ የምንማረው

አንደኛ፦ በዚህ ኒካህ መጀመሪያ የተጠየቀችው ባለቤቷ ናት። ጠያቂው የአላህ መልእክተኛ፣ አማላጁም ንጉሥ ሆነው ሳለ፣ ያለ ፈቃዷ አንድ እርምጃ አልተሄደም። በኛ ሠፈር ሽማግሌ ተልኮ፣ ቀን ተቆርጦ፣ የጥሪ ካርድ ታትሞ ልጅቱ በመጨረሻ የምትሰማበት ቤት ጨርሶ አልጠፋም።

ሁለተኛ፦ ሙሽራው መዲና፣ ሙሽራይቱ ሐበሻ ነበሩ። ዑለማዎች ኒካህ በውክልና ለመታሰሩ ይህን ታሪክ ማስረጃ ያደርጉታል። ዛሬ ወንዱ በሳዑዲ ወይም በአሜሪካ፣ ሴቷ በአዲስ አበባ ሆነው የሚጋቡ ብዙ ናቸው። ውክልናው ይቻላል፤ ነገር ግን የኡሙ ሐቢባ ወኪል የታወቀ፣ ምስክሩ የተሰበሰበ፣ መህሩም የተቆጠረ እንደ ነበር አንርሳ። ወኪሉ ማን እንደ ሆነ በውል ሳይታወቅ በስልክ ብቻ «ተጋባን» የሚባለው ነገር ከዚህ ታሪክ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ቀለበት ማሰርም ቢሆን የኺጥባ፣ ማለትም የመተጫጨት ምልክት ነው እንጂ ኒካህ አይደለም። የተጫጩ ሰዎች ኒካሁ እስኪታሰር ድረስ ባዕዳን ናቸው።

ሦስተኛውና ዋነኛው፦ ቅደም ተከተሉ ነው። በነጃሺ መጅሊስ መህሩ ቀደመ፤ ምግቡ ተከተለ። ወርቁም በቁጥር ብቻ ተጠርቶ አልቀረም፤ ወጥቶ ታየ፣ ባለቤቷም እጅ ገባ። እጇ መግባቱን በምን እናውቃለን? ወዲያው ከዚያው ላይ 50 ሚስቃል አንስታ ለፈለገችው ሰው መስጠት በመፈለጓ ነው። አባት አልያዘላትም፤ ወኪል አላስቀመጠባትም። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ አን-ኒሳእ 4ኛው አንቀጽ ለሴቶች መህራቸውን በበጎ ፈቃድ እንድንሰጥ ያዘዘው በተግባር ሲታይ እንዲህ ነው።

«400 ዲናር እኮ ብዙ ነው፤ ታዲያ መህር እናስወድድ ነው የምትለን?» የሚል ወንድም ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። 400 ዲናር በዛሬ ሚዛን ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ ወርቅ ነው። በአቡ ዳውድ ዘገባ 4000 ተብሎ የተጠቀሰው በዲርሃም ሲሆን፣ አንድ ዲናር በአሥር ዲርሃም ሂሳብ ሁለቱ ይገናኛሉ። ይሁንና ይህን የከፈሉት ንጉሡ ከራሳቸው ገንዘብ ነው። ከዓኢሻ (ረ.ዐ.) እንደ ተዘገበው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ለሚስቶቻቸው የሰጡት መህር 500 ዲርሃም ነበር። ዐሊይ (ረ.ዐ.) ፋጢማን (ረ.ዐ.) ያገቡት የጦር ጥሩራቸውን ሰጥተው ነው። የብረት ቀለበት እንኳ ያጣውን ሰው ከቁርኣን በሚያውቀው አጋብተውታል። እንግዲህ ትምህርቱ ከመጠኑ ላይ አይደለም። ንጉሥ እንደ ንጉሥነቱ፣ ድሃም እንደ ድህነቱ ሰጠ፤ የሰጡት ግን ሁሉም ያላቸውን ነው። የኛ ሙሽራ ለአንድ ቀን አዳራሽ ያለውን ሁሉ ከፍሎ ለሚስቱ የሌለውን ይጽፍላታል።

ወረቀቱ የት ደረሰ?

መህርን ማዘግየት በሸሪዓ የተፈቀደ ነው፤ ሐራም ነው የሚል የለም። ነገር ግን የዘገየ መህር ዕዳ ነው። ባል ቢሞት ውርስ ከመከፋፈሉ በፊት ይከፈላል፤ ቢፋቱም ትጠይቀዋለች። ዕዳ ደግሞ ማስረጃ ይፈልጋል።

በአገራችን ይህን የሚዳኝ አካል ያለ ድካም የተገኘ አይደለም። በ1936 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 62 የቃዲዎችና የናኢባዎች ሸንጎዎች በጋብቻ፣ በፍቺ፣ በቀለብና በውርስ እንዲዳኙ ተፈቀደ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሸሪዓ ጋብቻ ለብቻው ያስቀመጠው ነገር ባይኖርም ቃዲዎቹ ሥራቸውን አላቋረጡም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 በግልና በቤተሰብ ጉዳይ ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ በሃይማኖታቸው ሕግ መዳኘት እንደሚችሉ ተደነገገ። በ1992 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 188 የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን በሦስት ደረጃ አደራጀ። በዚያው ዓመት የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም በሃይማኖት ሥርዓት የሚፈጸምን ጋብቻ ተቀብሎ፣ የሁለቱን ፈቃድና 18 ዓመት መሙላትን ግዴታ አደረገ፤ እንዲመዘገብም አዘዘ።

አባቶቻችን ስንት ዘመን ጠይቀው ያገኙት ፍርድ ቤት አለ ማለት ነው። ዳኛው ግን ያልተጻፈውን ሊያነብ አይችልም። አንዲት እህት ባሏ ሞቶባት ከልጆቿ ጋር የመህሯን ነገር ስትጠይቅ፣ ወረቀቱን ማን እንደ ያዘው እንኳ የሚያስታውስ ጠፍቶ አይቻለሁ። ምስክሮቹ አንዱ ሞቷል፤ አንዱ አገር ለቋል። የሰርጉ ቪዲዮ ግን ነበረ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ጭፈራና የመኪና ሰልፍ ያሳያል፤ መህሩ የተጠራበትን ቅጽበት አላነሱትም።

ስለዚህ ለመጋባት ያሰባችሁ ወንድሞችና እህቶች ሆይ፣ ሽማግሌ የሚላክባችሁም ወላጆች፣ ምክሬ አጭር ነው። ልጅቱን ቀድማችሁ ጠይቁ። ሽማግሌ በተቀመጠበት ዕለት መህሩን አንሱ፤ ከአቅም በላይም አትጠይቁ። ለአዳራሽ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት መህሩን ወይም የምትችሉትን ያህል በእጇ ስጡ። የቀረውን ከነጊዜው ጻፉ፤ ምስክሮች ይፈርሙ፤ አንዱ ቅጂ በርሷ ዘንድ ይቀመጥ። ኒካሁንም በወረዳችሁ አስመዝግቡ። ከዚያ በተረፈው ወሊማ አብሉ። ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ.) ባገቡ ጊዜ የታዘዙት በአንዲት በግም ቢሆን እንዲያበሉ ነው። በግ ካልተገኘም በሶፍያ (ረ.ዐ.) ወሊማ ላይ የቀረበው ተምር፣ አይብና ቅቤ ነበር።

በዚያ በኮንዶሚኒየሙ ቤት ውስጥ ለሙሽራው አንድ ቃል ሳልናገር መውጣቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከምሳው በፊት መናገር ነበረብኝ። ይህን የጻፍኩት ለርሱም ጭምር ነው፤ ካነበበው ዕዳው ዛሬም በእጁ ነው፣ ሚስቱም በቤቱ ናት።

አላህ (ሱ.ወ.) ትዳራችንን በበረካ ይሙላልን፤ የሰውን ሐቅ ተሸክመን ከርሱ ዘንድ ከመቅረብ ይጠብቀን። ወላሁ አዕለም።