ተደራራቢ የኔትወርክ ስዊች

ተደራራቢ ስዊች (ስታከብል ስዊች) ከመሰሎቹ ጋር በልዩ ኬብል ተያይዞ እንደ አንድ ትልቅ ስዊች መሥራት የሚችል የኔትወርክ መሣሪያ ነው። በዚህ መንገድ የተያያዙት ስዊቾች በአንድነት ስታክ ይባላሉ። ስታኩ አንድ የአይፒ አድራሻና አንድ ማዋቀሪያ ይኖረዋል። ስለዚህ ባለ 48 ፖርት የሆኑ አራት ስዊቾች ሲያያዙ ባለሙያው የሚያስተዳድረው 192 ፖርት ያለው አንድ ስዊች ይሆናል።

የስታክ ፖርቶች

የስታክ ፖርቶች ከተለመዱት የኤተርኔት ፖርቶች የተለዩ ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ በስዊቹ ጀርባ ሁለት ሆነው ይገኛሉ። እያንዳንዱ ስዊች ከቀጣዩ ጋር ይያያዛል፤ የመጨረሻው ደግሞ ወደ መጀመሪያው ተመልሶ ቀለበት ይሠራል። አንድ ኬብል ቢቋረጥ መረጃው በሌላው አቅጣጫ ይዞራል፣ ፍጥነቱ ግን ይቀንሳል። ሁለት ኬብሎች ከተቋረጡ ስታኩ ለሁለት ይከፈላል፤ ሁለቱም ክፍሎች ያንኑ አይፒ ስለሚይዙ የአድራሻ ግጭት ይፈጠራል።

ሲስኮ በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጣው ካታሊስት 3750 እስከ 9 ስዊቾች በሰከንድ 32 ጊጋቢት በሚያስተላልፍ ቀለበት ይያያዛሉ። የጁኒፐር ኢኤክስ4200 እስከ 10 ስዊቾች ይቀበላል። የተለያዩ አምራቾችን ስዊቾች በአንድ ስታክ ማያያዝ አይቻልም።

ትራንክ

የስታክ ፖርት የሌላቸው ወይም ተራርቀው የተቀመጡ ስዊቾች በተለመደው ፖርት በትራንክ ይገናኛሉ። ቃሉ ሁለት ትርጉም ስላለው ብዙ ጊዜ ያደናግራል። በሲስኮ አጠራር ትራንክ የብዙ ቪላኖችን መረጃ በ802.1ኪው መለያ የሚያሳልፍ መስመር ነው። በኤችፒ ፕሮከርቭ ስዊቾች ግን እንደ አንድ መስመር የተጣመሩ በርካታ ኬብሎች ማለት ነው። ለማጣመሩ የሚያገለግለው ደንብ 802.3ኤዲ በ2000 እ.ኤ.አ. ወጥቷል።

በትራንክ የተገናኙ ስዊቾች እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይዋቀራሉ። ሳያጣምሩ ሁለት ኬብሎች ቢዘረጉ ስፓኒንግ ትሪ አንዱን ይዘጋል፤ ስፓኒንግ ትሪ ካልበራ ደግሞ መረጃው እየዞረ ኔትወርኩን ያቆመዋል።

አመራረጥ

የ3750 ስታክ ኬብል ከግማሽ ሜትር እስከ 3 ሜትር ስለሆነ የሚያገለግለው በአንድ ራክ ወይም ጎን ለጎን በቆሙ ራኮች ነው። የመዳብ ኤተርኔት ኬብል እስከ 100 ሜትር ይደርሳል፤ ከዚያ በላይ ፋይበር ያስፈልጋል። ወለጋ ዩኒቨርሲቲ በነቀምቴ፣ በጊምቢና በሻምቡ ግቢዎች አሉት። ለእንዲህ ያለ ተቋም ስታክ የሚሆነው በአንድ ክፍል ውስጥ፣ የፋይበር ትራንክ ደግሞ በአንድ ግቢ ሕንፃዎች መካከል ነው። በከተሞቹ መካከል ያለው ርቀት የሚሸፈነው በቴሌኮም መስመር ነው።

ሁለቱን ዘዴዎች አጣምሮ መጠቀምም ይቻላል። የተጣመረው ትራንክ ሁለት ኬብሎች በስታኩ ሁለት የተለያዩ አባላት ላይ ቢሰኩ፣ አንዱ ስዊች ቢበላሽ እንኳ ሕንፃው አይቋረጥም።

የመብራት መቆራረጥ

ከስታኩ አባላት አንዱ መሪ ሆኖ ሌሎቹን ይቆጣጠራል። በሲስኮ ስታክ የቅድሚያ ቁጥር ከ1 እስከ 15 ሲሆን ከፍተኛው ይመረጣል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ዘግይቶ የተነሳ ስዊች ግን ቁጥሩ ቢበልጥም በምርጫው አይካፈልም፤ ተራ አባል ሆኖ ይገባል። ስለዚህ መብራት በሚቆራረጥባቸው ከተሞች አባላቱን በሙሉ በአንድ ዩፒኤስ ላይ ማድረግ ይመከራል። አዲስ ስዊች ሲጨመርም ጠፍቶ እያለ ኬብሉ ይሰካል፣ ከዚያ ይበራል። በርቶ ከተያያዘ ሁለት መሪዎች ስለሚገናኙ በምርጫው የተሸነፈው ወገን እንደገና ይነሳል፤ ተሸናፊው ነባሩ ስታክ ከሆነ ተጠቃሚዎቹ ሁሉ ይቋረጣሉ።