የኤምስ ሐውልት

የኤምስ ሐውልት በአሜሪካ፣ በዋዮሚንግ ክፍላገር፣ ከላራሚ ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ የሚገኝ የፒራሚድ ቅርጽ ያለው የግራኒት ሐውልት ነው። የዩኒየን ፓሲፊክ የባቡር መስመር እንዲዘረጋ ትልቅ ድርሻ ለነበራቸው ወንድማማቾች፣ ለኦክስ ኤምስ እና ለኦሊቨር ኤምስ መታሰቢያነት ተሠራ። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖረው፣ አጠገቡ ያልፍ የነበረው ሐዲድ የመጀመሪያው አህጉር አቋራጭ መስመር ከፍተኛው ነጥብ ነበር።

ወንድማማቾቹ

የኤምስ ቤተሰብ በማሳቹሴትስ ክፍላገር በአካፋ ፋብሪካው የታወቀ ነበር። ኦሊቨር የባቡር ኩባንያውን እስከ 1871 እ.ኤ.አ. በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። ኦክስ ደግሞ የአገሪቱ የተወካዮች ምክር ቤት አባል ነበሩ። ሐዲዱን ያሠራ የነበረውን የክሬዲት ሞቢልየር ድርጅት አክሲዮን ለምክር ቤት ባልደረቦቻቸው በርካሽ በመሸጣቸው ምክር ቤቱ በ1873 እ.ኤ.አ. በይፋ ወቀሳቸው፤ በዚያው ዓመትም ሞቱ። ኦሊቨር በ1877 እ.ኤ.አ. አረፉ።

አሠራሩ

ሐውልቱ ከ1880 እስከ 1882 እ.ኤ.አ. ተገነባ። ንድፉን ያወጡት አርክቴክት ሄንሪ ሆብሰን ሪቻርድሰን ናቸው። ቁመቱ 18 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ድንጋዩ ከዚያው አካባቢ ተፈልጦ የመጣ ነው። በምሥራቅ በኩል የኦክስ፣ በምዕራብ በኩል የኦሊቨር ምስል ተቀርጿል፤ ሁለቱም የቀራጺው የኦገስተስ ሴንት ጎደንስ ሥራዎች ናቸው። የወንድማማቾቹ ስም የተጻፈው ሐዲዱ ያልፍበት በነበረው በሰሜኑ ገጽ ላይ ነው።

በአካባቢው ያሉ መንደሮች

ሸርማን፦ በሐውልቱ አጠገብ የነበረች የባቡር ጣቢያ መንደር ናት። ባቡሮች ረጅሙን ቁልቁለት ከመጀመራቸው በፊት እዚህ ቆመው ይፈተሹ ነበር። በ1901 እ.ኤ.አ. ኩባንያው ዳገቱን ለመቀነስ ሐዲዱን ወደ ደቡብ ሲያዛውረው መንደሯ መተዳደሪያዋን አጣች፤ ነዋሪዎቿም ለቀው ሄዱ። ዛሬ ከሸርማን የቀረው ጥቂት ፍርስራሽና መቃብር ነው።

ታይ ሳይዲንግ፦ ስሟን ያገኘችው ከሐዲድ ሥር ከሚነጠፈው ግንድ ነው። በአካባቢው የተቆረጠው እንጨት በባቡር ይጫንባት ነበር።

ቢዩፈርድ፦ ከሐውልቱ በስተምሥራቅ በአውራ ጎዳና ዳር ትገኛለች። ለዓመታት አንድ ነዋሪ ብቻ ያላት መንደር በመባል ትታወቅ ነበር፤ በ2012 እ.ኤ.አ. በጨረታ በ900,000 ዶላር ተሸጠች።

ዛሬ

ሐዲዱ ከተነሣ ወዲህ ሐውልቱ በባዶ ሜዳ ላይ ብቻውን ቆሟል። የተቀረጹት ምስሎች አፍንጫ ተጎድቷል። በ2016 እ.ኤ.አ. ሐውልቱ ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ተብሎ ተሰይሟል። ጎብኚዎች ዛሬ የሚደርሱበት በመኪና ነው።