ሰርኪቱን የነደፈው ኮምፒውተር፣ ፓተንቱ የማን?

ስለ አናሎግ ሰርኪት የሕግ ሰው ምን አገባው የሚል አንባቢ አይጠፋም። እኔን የሚያገባኝ በፈጠራ ባለቤትነት መብት በኩል ነው።

ዲጂታል ሰርኪት ዜሮና አንድን ብቻ ስለሚለይ አብዛኛውን ንድፉን ለኮምፒውተር መተው ከተለመደ ቆይቷል። አናሎግ ግን ያስቸግራል። የድምፅን ወይም የሬዲዮ ሞገድን ከፍታና ዝቅታ እንዳለ ስለሚያስተናግድ የአንዱ ዕቃ መጠን ሲነካ የሌላው ሥራ ይናጋል፤ ሙቀት እንኳ ይለውጠዋል። ሥራው በልምድ በበሰሉ መሐንዲሶች እጅ የቆየውም በዚህ ምክንያት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ጆን ኮዛ (ተፍቆ ዕጣው የሚታየውን ሎተሪ ከፈለሰፉት ሰዎችም አንዱ ናቸው) ከባልደረቦቻቸው ጋር ሌላ መንገድ ሞከሩ። ኮምፒውተሩ በዘፈቀደ እጅግ ብዙ ሰርኪቶች ይፈጥራል። እያንዳንዱ፣ በርክሌይ ውስጥ በ1970ዎቹ በተሠራው ስፓይስ በተባለ ፕሮግራም ይፈተናል። የተሻሉት እንደ ከብት እየተዳቀሉ ቀጣዩን ትውልድ ያስገኛሉ። ከ1,000 ሄርዝ በታች ያለውን የሚያሳልፍ፣ ከ2,000 በላይ ያለውን የሚያግድ ማጣሪያ ሲጠየቅ፣ ማሽኑ እንደ መሰላል የተደረደሩ ኢንዳክተሮችና ካፓሲተሮች ይዞ ቀረበ። ይህ መሰላል የአሜሪካው ቴሌፎን ኩባንያ መሐንዲስ ጆርጅ ካምቤል እ.ኤ.አ. በ1917 ፓተንት ያገኙበት ነው። ንድፉን ለማሽኑ ያሳየው ማንም አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣው የአሜሪካ የፓተንት ሕግ ፈጠራው የተገኘበት መንገድ መብቱን አያስቀርም ይላል። ኮዛና ሁለት ባልደረቦቻቸውም በዚሁ ዘዴ ላገኙት የተሻሻለ መቆጣጠሪያ እ.ኤ.አ. በጥር 2005 ፓተንት ተሰጣቸው። የማሽኑን ድርሻ በጥናቶቻቸው በይፋ ጽፈዋል፤ በፓተንቱ ላይ በፈልሳፊነት የሰፈሩት ግን ሦስቱ ሰዎች ናቸው። እስጢፋን ታለር በተቃራኒው ብቸኛው ፈልሳፊ ኮምፒውተሬ ነው ብለው አመለከቱ። የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 ፈልሳፊ የተፈጥሮ ሰው መሆን አለበት ሲል ውድቅ አደረገባቸው። የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በታኅሣሥ 2023 እንዲሁ ወሰነ። ሰው በማሽን እየታገዘ ስለሚሠራው ፈጠራ ግን የአሜሪካው ፍርድ ቤት አልወሰነም።

ውሳኔው ከሕጉ ቃል አንጻር ትክክል ይመስለኛል። የሚያሳስበኝ ውጤቱ ነው። ማሽኑ ብቻውን ሠራው ያለ አመልካች ባዶ እጁን ሲመለስ፣ ስሙን በቅጹ ላይ ሞልቶ ዝም ያለው መብቱን ይዞ ይሄዳል፤ መርማሪው ደግሞ ይህን የሚያጣራበት መንገድ ጠባብ ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ንድፉን ማን ሣለ የሚለው ሳይሆን፣ ማጣሪያው ምን ያሳልፍ፣ ምን ያግድ፣ ከቀረቡትስ የትኛው ይበጃል ብሎ የወሰነው ማን ነው የሚለው ይመስለኛል። ለዚህ የሚቀርብ ማስረጃም አለ፤ መሐንዲሱ ለማሽኑ የሰጠው መመዘኛ በጽሑፍ ይገኛል።